የመነኮሳት ቢራ፦ የትኛውን ልግዛ?

ብራስልስ ወይም አንትወርፐን ውስጥ አንድ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ የቢራው መደርደሪያ ፊት ቁሙ። ብዙዎቹ ጠርሙሶች ላይ ወይ ቆብ የደፋ መነኩሴ፣ ወይ የገዳም ደወል ቤት፣ ወይ የቤተ ክርስቲያን መስኮት ተስሏል። ሁሉም ከገዳም የወጣ ይመስላል። አይደለም። አብዛኛው የሚጠመቀው በትልልቅ ኩባንያዎች ፋብሪካ ነው። መነኮሳት ራሳቸው የሚጠምቁት ወይም የሚቆጣጠሩት ጥቂቱን ብቻ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት አውሮፓ ለምትኖሩ፣ አሜሪካ ሆናችሁ በየመጠጥ መደብሩ እነዚህን ጠርሙሶች ለምታዩ፣ ወይም ከጉዞ ስትመለሱ ለወዳጅ አንድ ሁለት ይዛችሁ መግባት ለምትፈልጉ ነው። የምመክራችሁ ዝናን ተከትላችሁ እንዳትገዙ ነው። መጀመሪያ ማን እንደጠመቀው እዩ። ከዚያ ምላሳችሁ ምን እንደሚወድ፣ ከምን ምግብ ጋር እንደምትጠጡትና ከማን ጋር እንደምትቀመጡ አስቡ። በዚህ መንገድ የመረጠ ሰው ብዙ ጊዜ በርካሹ ጠርሙስ ይረካል። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ማኅተሙን እዩ

ትራፒስቶች የካቶሊክ መነኮሳት ናቸው። ከሲስተርሲያን ማኅበር ወገን ሆነው ጠበቅ ያለውን ሥርዓት ይከተላሉ። መነሻቸው ፈረንሳይ ኖርማንዲ ያለው የላ ትራፕ ገዳም ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አበምኔቱ ደ ራንሴ የላላውን የምንኩስና ኑሮ እዚያ መልሶ አጠበቀው። የሚመሩት በቅዱስ ቤኔዲክቶስ ደንብ ነው። ደንቡ መነኩሴ በገዛ እጁ ሥራ ይኑር ይላል። ስለዚህ አንዱ ገዳም አይብ ይሠራል፣ ሌላው ማርማላታ፣ ሌላው ደግሞ ቢራ።

ቢራቸው ስም ሲያወጣ ነጋዴው ሁሉ «ትራፒስት» እያለ መሸጥ ጀመረ። መነኮሳቱም ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1962 የጌንት የንግድ ፍርድ ቤት ስሙ የነሱ ነው፣ ሌላ ሰው ሊነግድበት አይችልም ብሎ ፈረደላቸው። በ1997 ደግሞ ገዳማቱ ተሰባስበው ዓለም አቀፍ ማኅበር አቋቋሙና ባለስድስት ማዕዘን ማኅተም አወጡ። ጠርሙሱን ስታነሱ መጀመሪያ የምትፈልጉት እሱን ነው።

ማኅተሙን ለማግኘት ቢራው በገዳሙ ቅጥር ውስጥ ወይም በቅርብ መጠመቅ አለበት። የሚጠምቁት መነኮሳቱ ወይም እነሱ የሚቆጣጠሯቸው ሰዎች መሆን አለባቸው። ጠመቃው ከጸሎቱና ከገዳሙ ኑሮ በልጦ መገኘት የለበትም። ገንዘቡ ደግሞ ለመነኮሳቱ ኑሮና ለሕንጻዎቹ ጥገና ይውላል፤ የተረፈው ለችግረኞች ይሄዳል። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን የመጨረሻውን ነው። ለአንድ ጠርሙስ የከፈላችሁት ገንዘብ የት እንደሚደርስ ታውቃላችሁ።

ማኅተሙ ለዘላለም የሚሰጥ አይደለም። ቤልጂየምና ሆላንድ ድንበር ላይ ያለው የአኸል ገዳም መነኮሳት አልቀውበት በ2021 ማኅተሙን አጣ። በኋላም ለግል ባለሀብት ተሸጠ። ቢራው አሁንም አለ፤ ትራፒስት ግን አይባልም። ሆላንድ ያለው ላ ትራፕ የሚባለው ጠማቂ ደግሞ (ከኖርማንዲው ገዳም ሌላ ነው) በ1999 ከአንድ የንግድ ጠማቂ ጋር በመሥራቱ ማኅተሙን ተቀምቶ ነበር። አሠራሩን አስተካክሎ በ2005 መልሶ አገኘው። የቤልጂየሞቹ ትራፒስት ጠማቂዎች አሁን አምስት ብቻ ናቸው፦ ሺሜ፣ ኦርቫል፣ ሮሽፎር፣ ዌስትማልና ዌስትቭለተረን።

ታዲያ ሌፍ፣ ግሪምበርገንና አፍሊገም ምንድን ናቸው? «የገዳም ቢራ» ይባላሉ። ከኋላቸው የእውነት ገዳም አለ፤ ገዳሙ ስሙን ለኩባንያ ሰጥቶ ድርሻ ይቀበላል። ለምሳሌ ዲናን ከተማ ያለው የሌፍ ገዳም በ1152 የተመሠረተ ነው፤ ቢራውን የሚጠምቀው ግን ከዓለም ትልቁ የቢራ ኩባንያ ነው። ሌፍ መጥፎ ቢራ ነው አልልም። ለዘብ ያለ፣ ጣፈጥ የሚል፣ በየካፌው የሚገኝ ቢራ ነው። ግን የመነኩሴ ሥራ ነው ብላችሁ የምትገዙት ከሆነ ገንዘባችሁን ሌላ ጠርሙስ ላይ አውሉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማኅተም የሌለው ሁሉ አስመሳይ አይደለም። ማኅተሙ የትራፒስቶች ብቻ ነው። ባቫሪያ ያለው የአንዴክስ ገዳም መነኮሳት ቤኔዲክቲን የሚባል ሌላ ማኅበር ስለሆኑ ማኅተሙ አይመለከታቸውም፤ ቢራቸው ግን ከ1455 ጀምሮ የገዳም ቢራ ነው፣ ዛሬም የገዳሙ ንብረት ነው። ጀርመን ያላችሁ ሰዎች ቤልጂየም ድረስ መሄድ አያስፈልጋችሁም። የአንዴክስ ጥቁር ዶፐልቦክ (ብርቱ የጀርመን ቢራ) 7.1 በመቶ አልኮል አለው፤ የተቆላ ብቅል ይሸታል፣ ዋጋውም አይጎዳም። ገዳሙ ሙኒክ አጠገብ ኮረብታ ላይ ያለ የተሳላሚዎች ቦታ ነው፤ ተሳልማችሁ፣ ጠጥታችሁ መመለስ ትችላላችሁ።

ስለ ስሞቹና ስለ ጉልበታቸው

ጠርሙሶቹ ላይ ዱበል፣ ትሪፐል፣ ኳድሩፐል የሚል ታያላችሁ። ዱበል ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ 7 በመቶ አካባቢ ነው፣ ዘቢብና የዳቦ ቅርፊት ያስታውሳል። ትሪፐል ወርቃማ ነው፤ ከ8 እስከ 9.5 ይደርሳል፣ መጨረሻው ደረቅና መረር ያለ ነው። ኳድሩፐል ጥቁር፣ ወፍራም፣ 10 ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ በዚህ ስም ቢራ በ1991 ያወጣው ላ ትራፕ ነው። ስሙ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ቢልም አልኮሉ በዚያ ልክ አይባዛም።

ጉልበቱን ግን አትናቁት። የለመዳችሁት 5 በመቶ ቢራ ከሆነ አንድ ባለ 33 ሳንቲ ሊትር ሮሽፎር 10 የሁለት ጠርሙስ አልኮል ይዟል፣ እንዲያውም ያልፋል። ሁለት ከጠጣችሁ አራት ተኩል ጠጥታችኋል ማለት ነው። ሰው የሚሳሳተው ጠርሙሱን አይቶ ነው፤ ቁመቱ ከሌላው ቢራ አይለይም። በተለይ ትሪፐል እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ጉድ የሚሠራችሁ ከወንበር ስትነሱ ነው። መኪና የያዘ ሰው አይንካው።

መነኮሳቱ ራሳቸው ይህን በየቀኑ የሚጠጡ እንዳይመስላችሁ። በየገዳሙ ለማዕዳቸው ቀለል ያለ ቢራ ይጠምቃሉ። የዌስትማል «ኤክስትራ» እና የሺሜ ወርቃማው 5 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ኦርቫልም የራሱ ቀጭን ቢራ አለው። ቀለል ያለውን ከወደዳችሁ የሺሜውን ወርቃማ ሱቅ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ለጀማሪ፦ ዌስትማል ወይስ ሺሜ?

መጀመሪያ የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሁለቱ በቀላሉ የሚገኙ ናቸውና።

ዌስትማል አንትወርፐን አጠገብ ነው። ከ1836 ጀምሮ ይጠመቅበታል። ወርቃማው ትሪፐል የወጣው በ1934 ነው፤ የዛሬውን መልክ የያዘው በ1956 ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ወርቃማ ብርቱ ቢራ ሁሉ እሱን ሲኮርጅ ኖሯል። ቅዱት፣ ነጭ አረፋው ብርጭቆው ላይ ይደረደራል። ሽታው የበሰለ ሙዝና የብርቱካን ልጣጭ ነው። ስትጎነጩት መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ከዚያ ደረቅና መራራ ሆኖ ያልቃል። ያ መራራው ነው እንደገና ብርጭቆውን የሚያስነሳው። 9.5 በመቶ ሆኖ አለመክበዱ ይገርመኛል። ከዚህ ሁሉ ቢራ አንድ ብቻ አቅምሰን ብትሉኝ የማቀብላችሁ ይህን ነው። ዱበሉም ጥሩ ነው፤ 7 በመቶ፣ የቸኮሌትና የዘቢብ ጣዕም ያለው፣ ለስላሳ።

ሺሜ ከፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ከስኩርሞን ገዳም የሚወጣ ነው። ጠመቃው በ1862 ተጀመረ። ዛሬ የምንጠጣውን ጣዕም ያገኘው ግን በ1948 ነው፤ አባ ቴዎዶር የሚባሉ መነኩሴ ለገዳሙ የሚስማማውን እርሾ ለይተው አወጡ። ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊና ወርቃማ አለው። ቀዩ 7 በመቶ ዱበል ነው። ነጩ 8 በመቶ ትሪፐል ነው። ሰማያዊው 9 በመቶ ሆኖ ጥቁርና ወፈር ያለ ነው፤ መጀመሪያ የተጠመቀው ለገና ነበር። ልጣፉ ላይ የተጠመቀበት ዓመት አለ፤ ገዝተው ለዓመታት የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ።

ከሁለቱ ማንን? ምላሳችሁን ጠይቁ። አገር ቤት ቀዝቃዛ ወርቃማ ቢራ ስትጠጡ ያደጋችሁ ከሆነ የዌስትማል ትሪፐል ይቀርባችኋል። ጠጅ ወይም ብርዝ የሚማርካችሁ፣ መራራ የማይስማማችሁ ከሆነ ሺሜ ሰማያዊ ይሻላችኋል። የሺሜን ነጩን ግን ትሪፐል ለመቅመስ ብላችሁ አትግዙ። ደህና ቢራ ነው፣ ግን ዌስትማል ቆሞ እሱን የምመርጥበት ምክንያት አላየሁም። አሜሪካ ላላችሁ ጉዳዩ ቀላል ነው፤ በብዛት የምታገኙት ሺሜን ነው።

ጥቁሮቹ፦ ሮሽፎር ወይስ ዝነኛው ዌስትቭለተረን?

ስለ መነኮሳት ቢራ ሰምቶ «ዌስትቭለተረን 12 አለህ?» ብሎ ያልጠየቀ የለም። ዝናው ከፍ ያለው በ2005 ነው፤ አንድ የቢራ ደረጃ አውጪ ድረ ገጽ ከዓለም አንደኛ አለው፣ ወዲያው ገዳሙ በር ላይ መኪና ተሰለፈ። መነኮሳቱ ደግሞ ጠመቃውን አላሳደጉም። በዓመት 6,000 ሄክቶሊትር ገደማ ይጠምቃሉ፤ ዌስትማል ከ100,000 በላይ ነው። አቋማቸው የታወቀ ነው፤ የሚጠምቁት መነኩሴ ሆነው ለመኖር ያህል ነው፣ ከዚያ በላይ አይፈልጉም። እዚህ ገዳም ውስጥ መነኮሳቱ እስከ ዛሬ በጠመቃው እጃቸውን ያስገባሉ፤ በሌሎቹ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት ተቀጣሪዎች ናቸው።

ለረጅም ዘመን ጠርሙሱ ልጣፍ አልነበረውም። የሚለየው በቆርኪው ቀለም ነበር፤ አረንጓዴው 5.8 በመቶ ወርቃማ፣ ሰማያዊው 8፣ ቢጫው 12። የ12ቱ አልኮል 10.2 በመቶ ነው። ለመግዛት ቀድሞ በስልክ መመዝገብና የመኪና ታርጋ መስጠት ያስፈልግ ነበር። ከ2019 ጀምሮ ምዝገባው በኢንተርኔት ሆኗል። ሳጥኑን የሚገዛ ሰው አትርፎ እንዳይሸጥ ይጠየቃል። ቢሆንም በ2018 አንድ የሆላንድ ሱፐርማርኬት ጠርሙሱን ከገዳሙ ዋጋ በብዙ እጥፍ አስወድዶ ሸጠ፤ መነኮሳቱም ማዘናቸውን በይፋ ተናገሩ። በትክክለኛ መንገድ ከገዳሙ ውጭ የወጣው አንዳንዴ ብቻ ነው፤ በ2012 ለሕንጻቸው ሥራ ገንዘብ ለማግኘት አሜሪካ ድረስ ልከው ነበር።

ቢራው ጥሩ ነው? አዎ፣ በጣም። ቴምር፣ ዘቢብ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ ሁሉም ተዋሕዶ ረጅም ሆኖ ምላስ ላይ ይቆያል። የተጋነነ ዋጋ ያወጣል? አያወጣም። ብራስልስ መሀል የቱሪስት ሱቅ ውስጥ በውድ የተደረደረውን አይታችሁ አትጓጉ። ገንዘቡ ለገዳሙ አይደርስም፣ መነኮሳቱም አትርፋችሁ አትሽጡት ብለዋል። ከፈለጋችሁት ወደ ቦታው ሂዱ። ከገዳሙ ፊት ለፊት «ኢን ደ ፍሬደ» የሚባል ካፌ አለ፤ እዚያ በብርጭቆ ይቀዳላችኋል። ምዕራብ ፍላንደርስ የገብስና የቢራ ጌሾ (ሆፕስ) ማሳ ያለበት ለጥ ያለ ገጠር ነው፤ መንገዱ ራሱ የጉዞውን ድካም ይክሳል።

ጉዞው ካልሆነላችሁ ሮሽፎር አለላችሁ። እኔ እንዲያውም ሮሽፎርን የምመርጥባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። በአርደን ደን ዳር ያለ ገዳም ነው፤ በ1595 እዚያ ቢራ ይጠመቅ እንደነበር ተመዝግቧል። ሦስቱ ጥቁሮች በቁጥር ይጠራሉ፦ 6፣ 8 እና 10። ቁጥሩ የድሮ የቤልጂየም የጥንስስ መለኪያ ነው፣ አልኮሉ አይደለም። አልኮላቸው 7.5፣ 9.2 እና 11.3 በመቶ ነው። ቆርኪያቸው ደግሞ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነው። ከ2020 ወዲህ ወርቃማ ትሪፐልም ጨምረዋል።

10ሩ ከባድ ነው። ደረቅ በለስ፣ ቸኮሌት፣ ትንሽ ቅመም፣ ከዚያም ደረት የሚያሞቅ አልኮል። ብቻችሁን አትክፈቱት፤ ለሁለት ተካፈሉት፣ ከራት በኋላ ቀስ እያላችሁ። 8ቱ ግን ሚዛኑን የጠበቀ ነው፤ ጥቁርነቱም ፍሬነቱም አለው፣ ግን አያደክምም። «አንድ ጥቁር የመነኮሳት ቢራ» ለሚለኝ ሰው መልሴ ሮሽፎር 8 ነው፤ ዌስትቭለተረን 12ን ፍለጋ መንከራተት አያስፈልገውም። ቤልጂየም ውስጥ ሱፐርማርኬት ታገኙታላችሁ፣ ዋጋውም የሰው ዋጋ ነው።

ስለዚህ ገዳም አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። የሚጠምቁበት ውኃ ትሪደን ከሚባል ምንጭ ይመጣል። አጠገባቸው ያለ የኖራ ድንጋይ ካባ ወደ ታች ጠልቆ መቆፈር ፈለገ፤ ያ ቢሆን ምንጩ ይነካ ነበር። መነኮሳቱ ለዓመታት ተሟገቱ፤ በ2021 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለነሱ ፈረደ። ቢራ ከውኃው ይጀምራልና ክርክሩ ለቢራ ብቻ ሳይሆን ለከተማውም ውኃ ነበር፤ ሮሽፎር ከተማም የሚጠጣው ከዚያው ምንጭ ነው።

የዌስትቭለተረንን ጣዕም በአቋራጭ መቅመስ የሚፈልግም አለ። ለሱ ዋቱ መንደር የሚጠመቀው ሴንት በርናርዱስ አብት 12 ይሆነዋል። ይህ ጠማቂ ከ1946 እስከ 1992 በውል የዌስትቭለተረንን ገዳም ቢራ ሲጠምቅ ነበር። ውሉ ሲያልቅ በራሱ ስም ቀጠለ። ትራፒስት አይደለም፣ ማኅተምም የለውም፤ ግን ዘመድነቱ ጠርሙሱ ውስጥ ይታወቃል።

ኦርቫል ብቻውን ይቁም

ኦርቫልን ከማንም ጋር ማወዳደር አይቻልም። እነ ሺሜና ሮሽፎር በጣፋጭና በጥቁር ሲሄዱ እሱ ደረቅ፣ መራራ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ትንሽ የጋጣ ሽታ ያለው ቢራ ነው። መጀመሪያ የቀመሰው ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ሁለተኛ ጊዜ የቀመሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ አይጠይቅም። ጌሾው በርከት ያለ፣ ቀናት የቆየ የእናት ጠላ የሚወድ ሰው ከሁሉም ቀድሞ የሚገባው ይህ ነው።

ገዳሙ በቤልጂየም ደቡብ ጫፍ ነው። ጥንት በ1070 ተመሠረተ፣ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ፈረሰ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ፍርስራሽ ሆኖ ቆየ። በ1926 መልሶ መገንባት ሲጀመር ገንዘብ አስፈለገ፤ የቢራ ጠመቃው በ1931 የተቋቋመው ለዚያ ነው። አርክቴክቱ ኦንሪ ቫስ ገዳሙን ብቻ ሳይሆን የሚጠጣበትን ብርጭቆም ነደፈው። ጠርሙሱ ከወገቡ ጠበብ ብሎ የቦውሊንግ እንጨት ይመስላል፤ ልጣፉ ላይ ቀለበት በአፉ የያዘ ዓሣ አለ። ታሪኩ የቶስካናዋ ባላባት ማቲልዳ ምንጭ ውስጥ የጣለችውን ቀለበት ዓሣ መለሰላት የሚል ነው።

ልዩ የሚያደርገው አሠራሩ ነው። ከፈላ በኋላ ደረቅ የቢራ ጌሾ ይጨመርበታል፣ ያ መዓዛውን ያመጣል። ጠርሙስ ሲገባ ደግሞ ብሬታኖማይሲስ የሚባል የዱር እርሾ ይደረግበታል። ይህ እርሾ ቀስ ብሎ የተረፈውን ስኳር ይበላል። ስለዚህ ቢራው በጠርሙሱ ውስጥ በየወሩ ይለወጣል። ልጣፉ 6.2 በመቶ ይላል፤ ሲቆይ ትንሽ ይጨምራል።

እዚህ ላይ ምርጫው የመለያ ሳይሆን የዕድሜ ይሆናል። ልጣፉ ላይ የታሸገበት ቀን አለ፤ አንብቡት። ሦስት አራት ወር የሆነው መራራና አበባ አበባ የሚሸት ነው። ስድስት ወር ሲሞላው መራራው በረድ ይልና ኮምጣጣው ብቅ ይላል። ዓመት ያለፈው ደረቅ ነው፤ ቆዳና አፈር ይሸታል፣ ጋዙም ይበረታል። ቤልጂየም ውስጥ «ወጣቱን ነው ወይስ ያረጀውን?» ብለው የሚጠይቁ ካፌዎች አሉ። እኔ መሀለኛውን እወዳለሁ። ሦስት ጠርሙስ ግዙና አንዱን ዛሬ፣ አንዱን ከግማሽ ዓመት በኋላ፣ አንዱን ለከርሞ ክፈቱ፤ በአንድ ዋጋ ሦስት ቢራ ቀመሳችሁ ማለት ነው።

ከቤልጂየም ውጭ

ሆላንድ ያላችሁ ላ ትራፕን በየሱፐርማርኬቱ ታገኛላችሁ። ገዳሙ ቲልቡርግ አጠገብ ነው፣ ከ1884 ጀምሮ ይጠምቃል። ዓይነቱ ብዙ ነው። ለበጋ ቀን 5.5 በመቶ የሆነው የስንዴ ቢራ ጥሩ ነው፤ ለክረምት ኳድሩፐሉ 10 በመቶ ነው። አልኮል ለማይጠጡ «ኒሊስ» የሚባል አልኮል አልባ ቢራም አላቸው። ለሹፌር ጥሩ ምርጫ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ሌስተርሸር ያለው የማውንት ሴንት በርናርድ ገዳም ላሞች ያረባ ነበር። ወተት አላዋጣ ሲል በ2018 «ቲንት ሜዶ» የተባለ 7.4 በመቶ ጥቁር ቢራ ይዞ መጣ። የእንግሊዝ ጌሾና ብቅል ያለበት ስለሆነ ከቤልጂየሞቹ ይለያል፤ ጣፋጭነቱ ያንሳል። ሮም ያለው ትሬ ፎንታኔ ትሪፐሉ ውስጥ ባሕር ዛፍ ይጨምራል፤ የባሕር ዛፍ ሽታ ለኛ አዲስ አበቤዎች ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ለዚያ ብቻ እንኳ ይቀመስ። አሜሪካ ማሳቹሴትስ የነበረው ስፔንሰር ግን በ2022 ጠመቃውን አቁሟል፤ የሱን ጠርሙስ ፍለጋ አትድከሙ።

ከእኛ ምግብ ጋር

አልኮልና መራራ በርበሬን ያቀጣጥላሉ። ስለዚህ ዶሮ ወጥ ላይ ትሪፐል አትክፈቱ፤ አፋችሁ ይነዳል። ለቀይ ወጥ ዱበል ይሻላል፤ የዌስትማሉ ወይም ቀዩ ሺሜ። የብቅሉ ጣፋጭነት በርበሬውን ያስታግሠዋል። ለክትፎና ለጥብስ ግን ትሪፐሉ ወይም ኦርቫል ይሂድ፤ ጋዙና መራራው የቅቤውን ቅባት ከምላስ ላይ ያነሳዋል። ሮሽፎር 10ን ከምግብ ጋር አትስጡት፣ ሁለቱም ይጎዳሉ።

አቀዳድና አያያዝ

እነዚህ ቢራዎች በረዶ መሆን የለባቸውም። ከፍሪጅ አውጥታችሁ ትሪፐሉን አሥር ደቂቃ፣ ጥቁሮቹን ግማሽ ሰዓት አቆዩአቸው። ሲቀዘቅዙ ሽታቸው ይደበቃል፣ የከፈላችሁበት ነገር ይጠፋል። አፉ ሰፋ ያለ ብርጭቆ ተጠቀሙ። እርሾው ጠርሙሱ ውስጥ ስላለ ከሥሩ አተላ ይቀመጣል። ጠርሙሱን ቀስ ብላችሁ አዘንብላችሁ በአንድ ትንፋሽ ቅዱ፤ የመጨረሻዋን ጣት የምታክል ተዉአት። ብትጠጡትም አይጎዳም፣ ግን ያደፈርሰዋል።

ለስጦታ የምትገዙ ከሆነ 75 ሳንቲ ሊትር የሆነውን ባለ ቡሽ ሺሜ ሰማያዊ ውሰዱ፤ «ግራንድ ሬዘርቭ» የሚል ተጽፎበታል። ለሽማግሌ ፊትም ለሠርግ ቤትም ይመጥናል። በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ ታች ከሚጫነው ውስጥ በልብስ ጠቅልላችሁ ክተቱት። ለተቀባዩም ንገሩት፤ ጠርሙሱ ተናውጦ ስለሚደርስ አቁሞ ሁለት ቀን ያሳርፈው፣ ከዚያ ይክፈተው።